ለተማሪዎቹ ያበጠ እግር

ልብስ ሰፊዋ እንዴት እንዳደረች ደንበኞቿ የሚያውቁት ከስፌት መኪናዋ ድምፅ ነበር። ደህና ባደረችበት ቀን መኪናዋ ሳታቋርጥ ትንጫጫለች፤ ድምፁ የግቢውን በር አልፎ እስከ መንገዱ ይሰማል። ባልተሻላት ቀን ጥቂት ትሄድና ትቆማለች፣ ትነሳለች፣ እንደገና ትቆማለች። ይህን የሰማ ደንበኛ «ዛሬ ዳገት ላይ ናት» ይልና ጨርቁን ለእህቷ አስረክቦ ይመለሳል።

ዕድሜዋ አርባ አንድ ነው። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር፤ ቤተሰቦቿ በጨውና በሙቅ ውሃ አሳለፉት። ጉሮሮዋ ዳነ። በሽታው ግን አልሄደም፤ ዝቅ ብሎ ልቧ ውስጥ ገባና ደም ከሚያልፍባቸው በሮች አንዱን አጠበበው። ይህ የታወቀው ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ነው። የስምንተኛ ክፍል መማሪያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሰው በድህነት፣ በትዳር ወይም በስንፍና ትምህርት ያቋርጣል፤ እሷ ያቋረጠችው በደረጃ ነው። ለሁለት ወር ያህል ከሌሎቹ ግማሽ ሰዓት ቀድማ እየመጣች፣ በየአምስት ደረጃው እየተቀመጠች ወጣች። አንድ ቀን ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንደተቀመጠች የጧቱ ትምህርት አለቀና ተማሪው ሁሉ ሲወርድ እዚያው አገኛት። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም።

የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህቷ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የትምህርት ቤት ደወል ደዋይ ነበረች፤ ድምጿ ከደወሉ አያንስም። ሰፈሩ «ደወሏ» ይላታል፤ ታውቃለች፣ አትቀየምም። ክፍላቸው አንድ ነው። በመጋረጃ ተከፍሎ ወዲያ ሁለት አልጋ፣ ወዲህ ደግሞ በእግር የምትረገጠው መኪና፣ የመቁረጫ ጠረጴዛው፣ ካውያውና በየምስማሩ የተንጠለጠሉ ያላለቁ ልብሶች አሉ። እጅጌ የሌለው ኮት፣ ኮሌታ የሚጠብቅ ሸሚዝ። እንግዳ ሲመጣ ደወሏ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ በሁለት ክንዷ ሰብስባ አልጋ ላይ ትወረውረዋለች፤ እንግዳው ሲሄድ መልሳ ታመጣዋለች።

ልብስ ሰፊዋ በቀን ሦስት ዓይነት ኪኒን ትውጣለች። ከሦስቱ የምትጠላው እሷ «የውሃ ኪኒን» የምትለውን ነው። ልቧ መግፋት ያቃተው ውሃ እግሯ ላይ ሲጠራቀም ያቺ ትንሽ ነጭ ኪኒን በሽንት ታወጣዋለች። ሽንት ቤቱ ግን ለሰባት አባወራ አንድ ነው፤ ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ ወረፋ አለው። ኪኒኗን በዋጠችበት ጧት ከመኪናዋ አምስት ስድስት ጊዜ ትነሳለች፣ በተነሳች ቁጥርም ለመመለስ ሁለት ጊዜ ቆማ ትንፋሽ መሰብሰብ አለባት።

ተስፋዋ አንድ ብቻ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ የልብ ቀዶ ሐኪሞች ቡድን ከውጭ አገር ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይመጣል፤ አሥራ አራት ሰው መርጦ ይሠራል፤ ይሄዳል። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል። «ሦስት ዓመት ታገሺ፣ ተራሽ ይደርሳል» ተብላለች። ሦስት ዓመት ለመቆየት ማድረግ የነበረባት ነገር ቀላል ነው፤ ኪኒኖቿን መዋጥ።

ተማሪዎቹ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው።

ዩኒቨርሲቲው አዲስ አሠራር ጀምሮ ነበር። የሕክምና ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው በየሰፈሩ፣ በሰው ቤት፣ በእጃቸው እየነኩ እንዲማሩ ተወሰነ። አራት አራት ሆነው አንድ ቤት ይረከባሉ፤ እስኪመረቁ ሦስት ዓመት በየሁለት ወሩ እየመጡ በሽተኛውን ያያሉ፤ ያዩትንም በሆስፒታሉ ፋይል ላይ ይጽፋሉ። የልብስ ሰፊዋ ቤት የተመረጠው በሽታዋ ብዙ ትምህርት ስላለው ነው። መምህራቸው ራሱ የልብ ሐኪም ነው፤ ጸጉሩ የሸበተ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ ሰው። በመጀመሪያው ቀን ግቢው መሐል ቆሞ፣ «ማኅበረሰቡ ራሱ መጽሐፍ ነው» አላቸው።

«መጽሐፍ ከሆንን ቀስ ብላችሁ ግለጡን» አለች ደወሏ። «ገጻችን ሳስቷል።»

ከአራቱ ተማሪዎች ሁለቱ ከበሩ አይርቁም ነበር፤ ስማቸው ሲጠራ ብቻ አንድ እርምጃ ገብተው ይመለሳሉ። ከቀሩት አንዱ በጣም ረጅም ልጅ ነው፤ በሩን ሲያልፍ ግንባሩን ይመታል፣ በመጣ ቁጥር ይመታል፣ አይማርም። ሌላዋ ባለመነፅር ናት፤ የምትናገረው ጥቂት፣ የምትጽፈው ብዙ።

«እርስዎ እዚህ ጋ ይቀመጡ» አላት ረጅሙ ልብስ ሰፊዋን።

«አንቱታውን ተወው፣ ገና ጥርሴ አልረገፈም። እትዬ በሉኝ፣ ይበቃኛል።»

ረጅሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ብዙ ቆየ።

«ምንም አይሰማኝም» አለ።

«አለሁ እኮ!» አለችው።

ሁሉም ሳቁ። መምህሩም ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ ካለው ቦታ አጥንቱ ላይ በአውራ ጣቱ ተጫነ፣ ቆጠረ፣ ለቀቀ። ቆዳዋ ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ውሃ ቢኖር ኖሮ ጣቴ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ይቀር ነበር» አላቸው። «ዛሬ የለም። ኪኒኑ ሠርቷል። ጥሩ ነው።»

ጥሩ ነው ያለው ግን ሱቅ ድረስ ሄዶ ተዘግቶ ባገኘ ሰው ድምፅ ነው። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን አጠፉ። ሲወጡ በር ላይ ከሚቆሙት አንዱ፣ «ፈተና ላይ እኮ የሚመጣው እብጠቱ ነው» ሲል ሰማችው። እንግዳ ጠርታ ባዶ ማዕድ ያቀረበች ያህል አፈረች። ለእህቷ ግን ምንም አላለችም።

ትምህርት ቤቶች ሊከፈቱ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው የዩኒፎርም ሥራ መጣላት። ስልሳ ቀሚስ፤ ኮሌታው ነጭ፣ ቅምቅማቱ ድርብ። አንድ ጧት የውሃ ኪኒኗን መዳፏ ላይ ይዛ በመስኮት ተመለከተች፤ ሽንት ቤቱ በር ላይ አራት ሰው ቆሟል። ኪኒኗን መልሳ አስቀመጠች። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። እግሯ ከበደ፤ የጫማዋ ጠርዝ ቆዳዋ ላይ መስመር ሠራ፤ መርገጫውን ስትረግጥ የሰው እግር ተውሳ የምትሠራ መሰላት። በአራተኛው ቀን ተማሪዎቹ መጡ።

መምህሩ ተጭኖ ሲለቅ ጉድጓዱ ቀረ።

«ኑ፣ ኑ፣ ቅረቡ» አለ። ድምፁ ተለውጧል። «ይህን ከመጽሐፍ አታገኙትም። በጣታችሁ እዩት።»

ተራ በተራ ተንበረከኩ። ረጅሙ ተጭኖ ጮኸ፤ «ገባ! ጣቴ ገባ እኮ!»

«ቀስ በል አንተ፣ ሊጥ አደረግሃት እንዴ?» አለች ደወሏ።

ጀርባዋንም አዳመጡ፤ ከሳንባዋ ግርጌ ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የመሰለ ድምፅ ይሰማ ነበር። በር ላይ የሚቆሙት ሁለቱ እንኳ ገብተው ሰሙት። የመምህሩ ደስታ ጋብ ሲልለት ቀና ብሎ ጠየቃት።

«ኪኒንሽን እየወሰድሽ ነው አይደል?»

ለቀሚስ ብዬ ተውኩት ማለት አሳፈራት። እነዚህ ሁሉ የተማሩ ሰዎች እግሯ ሥር የተንበረከኩበት ቀን ነው።

«አዎ፣ ዶክተር» አለች።

ባለመነፅሯ ጻፈች፦ መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች፣ ሁለቱም እግሮቿ አብጠዋል።

ሊወጡ ሲሉ ረጅሙ ወደኋላ ቀረት ብሎ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ካንቺ የተማርኩትን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም» አላት። ግንባሩን መትቶ ወጣ።

እሷም አልረሳችውም። ያ የታመመ ልቧ እስከዚያ ቀን ድረስ ሲወስድባት ነው የኖረው፤ ትምህርቷን ወሰደ፣ ትዳር ወሰደ፣ «መውለድ ለሕይወትሽ ያሰጋል» ተብላ ልጅ ወሰደ። ለማንም ለምንም ጠቅሞ አያውቅም። አሁን ግን አንድ ሰው ከእሱ ተማረ፤ ያም ሰው ነገ ሐኪም ሆኖ የሌላ ሰው እግር ይነካል። ጨርቅ ስትቀድም፣ ክር ስታስገባም ይህንኑ ታስብ ነበር።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል ተማሪዎቹ የሚመጡበትን ቀን ከቀን መቁጠሪያው ላይ ፈልጋ አገኘችና ሦስት ቀን ወደኋላ ቆጠረች።

ሞኝ ናት ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እሷ ግን በራሷ ስሌት አስባበታለች። ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ሲሄዱ እንደገና እውጣለሁ፤ እብጠቱ በሳምንት ይጎድላል። ይጎድልም ነበር። የዘለለቻቸውን ኪኒኖች አትጥላቸውም፤ መድኃኒት መጣል ኃጢአት ይመስላታል። ስለዚህ የቁልፍ ማስቀመጫዋ ቆርቆሮ ውስጥ ከነጭ የሸሚዝ ቁልፎች ጋር ትቀላቅላቸዋለች። መጠናቸው ተቀራራቢ፣ መልካቸው አንድ ነው፤ ደወሏ ብትከፍተው እንኳ ልብ አትልም።

ቀስ በቀስ መምህር ሆነች። «እዚያ አይደለም፣ ወደ ላይ፣ አጥንቱ ላይ» ትላቸዋለች። «አትቸኩል። አምስት ቁጠር። አሁን ልቀቅ።» በሁለተኛው ዓመት መምህሩ የሌላ ሰፈር ቡድኖችንም ይዞ መጣ። አሥራ ሁለት ነጭ ጋዋን ግቢው ውስጥ ተሰልፎ ተራውን ጠበቀ። ሽንት ቤት የሚጠብቁት ጎረቤቶች ሌላ ወረፋ አይተው ሳቁ።

«ለእህትሽ እግር ትኬት ቁረጪለት እንጂ» አሏት ደወሏን።

ደወሏ አልሳቀችም። ማታ፣ ልብስ እያጠፈች፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ?» አለች። «አንቺ የምታብጪው እነዚህ ልጆች ሊመጡ ሲሉ ነው። ሲሄዱ ትጎድያለሽ። ዓይናቸው ነው።»

«ሳይመጡ እኮ ነው የማብጠው። ከሩቅ የሚያይ ዓይን አለ እንዴ?»

«ተማሪ ነው፣ ምን ይታወቃል? በማጉያ ነው የሚያዩት።»

ልብስ ሰፊዋ እስኪያስላት ሳቀች። ያኔ ብትነግራት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አልነገረቻትም።

መምህሩም ይጨነቅ ጀመር። ኪኒኑ አልያዘላትም ብሎ መጠኑን አንድ ጊዜ፣ ኋላም ሁለተኛ ጊዜ ጨመረው። እሷ ደግሞ መጠኑ ከተጨመረ ወዲህ ሦስት ቀን ስለማይበቃ አራት ቀን መዝለል ያዘች። በፋይሏ ላይ፣ በባለመነፅሯ ጥርት ያለ የእጅ ጽሑፍ፣ ያው ዓረፍተ ነገር በየሁለት ወሩ ተደገመ። ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆን አሥራ አራት ጊዜ ተጽፎ ነበር።

ቆርቆሮውን የከፈተችው ባለመነፅሯ ናት። የቀጠሮ ወረቀት ልታደርስ ብቻዋን መጥታ ሳለ ከጋዋኗ ላይ አንድ ቁልፍ ወድቆ ነበር። ደወሏ ገበያ ሄዳለች። ልብስ ሰፊዋ ኪኒኑን የዋጠችበት ጧት ነውና ለመውጣት ተነሳች፤ «ከቆርቆሮው የሚመስለውን መርጠሽ አውጪ፣ መጥቼ እተክልልሻለሁ» ብላ ወጣች። ግቢው መሐል ስትደርስ ትዝ አላት። መሮጥ የማይችል ሰው ግን ትዝ ቢለው ምን ያደርጋል?

ስትመለስ ባለመነፅሯ ጠረጴዛው ላይ ነጩን ከነጩ ለይታ ሁለት ክምር ሠርታለች። የአንደኛው ክምር ቁልፎች ቀዳዳ አልነበራቸውም።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

«ስትመጡ ስትመጡ ብቻ ነው» አለች። «ሌላ ጊዜ አልዘልም።»

«ለምን?»

«ባዶ እጃችሁን እንዳትመለሱ ብዬ ነዋ።»

ልጅቷ መነፅሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገችው። «እኔ እኮ እየወሰደች ብዬ ነው የጻፍኩት። ሁሌም።»

«ያልኩሽን ነው የጻፍሽው። ጥፋቱ የኔ ነው። በይ ለመምህራችሁ አትንገሪ፣ ቤቴን ከትምህርቱ ያወጡብኛል። ከእንግዲህ አንዲትም አልዘልም። እህቴን ይንሳኝ!»

ባለመነፅሯ ክፉ ልጅ አልነበረችም። አሥራ አራት ጊዜ የጻፈችውን ልሰርዝ ብትል ግን የአራቱም ተማሪዎች የሦስት ዓመት ሥራ ይመረመራል፤ ለመመረቅ የቀራቸው ደግሞ አምስት ወር ነው። ከእንግዲህ ከወሰደች ይበቃል፣ ብላ አሰበች። ልብስ ሰፊዋ ቁልፏን ተከለችላት፣ ክሩንም በጥርሷ በጠሰች። ስለ ነገሩ ሁለቱም ዳግመኛ አላነሱም።

ልብስ ሰፊዋ ቃሏን ጠበቀች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲትም አልዘለለችም። እግሯ ግን እንደ ድሮው በሳምንት አልጎደለም። በሁለት ሳምንትም፣ በወርም አልጎደለም። የዘንድሮው ብርድ ነው አለች።

የቀዶ ሐኪሞቹ ቡድን ሊመጣ አንድ ወር ሲቀረው ሆስፒታሉ ጠራት። ሦስት ዓመቷ ሞልቷል። ለሆስፒታል የሚሆን ፊት ለፊቱ የሚከፈት የሌሊት ልብስ ሰፍታ ነበር፤ ከቀዶ ጥገና በኋላ ክንድ ማንሳት እንደማይቻል ሰምታለች። ደወሏ ልብሱን አጥፋ፣ በላዩ ፎጣና ሳሙና አድርጋ በዘንቢል ያዘችው።

ክፍሉ ውስጥ የጠበቋቸው መምህሩና ዝርዝሩን የምትይዝ ሌላ ሐኪም ናቸው። ሐኪሟ ዘንቢሉን አይታ ዓይኗን ወደ ወረቀቱ መለሰች።

«እህቴ፣ ስምሽ ዘንድሮ አልወጣም» አለች።

«ለከርሞ ነው?»

«ለከርሞም አይደለም። ቡድኑ መጀመሪያ የሚያየው ፋይል ነው። የሚመርጡት ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ በሕይወት የሚነሳውን ሰው ነው። ያንቺ ፋይል ደግሞ መድኃኒት ሙሉ በሙሉ እየወሰድሽ፣ መጠኑም እየተጨመረልሽ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ስታብጪ መቆየትሽን ነው የሚናገረው። እንዲህ የደከመ ልብ አይችለውም ብለው ፈርተዋል። ከዝርዝሩ አውጥተውሻል።»

«ማነው እንዲህ ብሎ የጻፈው?» አለች ደወሏ። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ተመለከተ።

«ተማሪዎቻችን በጥንቃቄ የመዘገቡት ነው» አለ መምህሩ። ያዘነ ይመስላል፤ የኮራም ይመስላል።

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ብትናገር ፋይሉ ይታረም ይሆናል፤ ግን ያቺ ልጅ ዐውቃ ዝም ማለቷ ይወጣል፣ ሳትመረቅ ትቀራለች። መምህሩን አየች። ወረቀቱን አየች።

«ገባኝ» አለች።

ባለመነፅሯ ወሬውን የሰማችው በማግስቱ ነው። በዚያው ሰዓት ወደ መምህሩ ቢሮ ሄዳ ስለ ኪኒኖቹም፣ ስለ ቆርቆሮውም፣ ዝም ስላለችበት ጊዜም ሁሉንም ነገረችው። መምህሩ ስልኩን አንስቶ የአልትራሳውንድ ቀጠሮ ያዘ። «በሳምንቱ መጨረሻ ልቧን ራሴ አያታለሁ» አለ። «ደህና ሆኖ ካገኘሁት ለቡድኑ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ገና ጊዜ አለ።»

ደወሏ እውነቱን ስትሰማ ግቢው ሁሉ ሰማት። «ለተማሪ ብለሽ! ሰው ለእንግዳ ሻይ ያፈላል እንጂ እግሩን ያሳብጣል?» ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ ተነሳችና ሥራ ጀመረች። ያን ሳምንት በየጧቱ ኪኒኗን ራሷ እየሰጠች፣ «አፍሽን ክፈቺ፣ ምላስሽን አንሺ» እያለች አየች። ግቢው ውስጥ ወጥታም፣ «እህቴ ስትመጣ ወረፋ የለም!» ብላ ደወለች። ጎረቤቶቹ፣ «ምነው እስካሁን ሳትነግሩን?» አሉ እንጂ አንድም ያጉረመረመ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ስታልፍ ባልዲያቸውን ይዘው ገለል ይላሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ መጠየቅ ብቻ ነበር የጎደለው።

በዚያ ሳምንት ሁለቱ እህትማማቾች በልባቸው ተስፋ አደረጉ። እግሯ በእርግጥ ጥቂት ጎደለ። መኪናዋም አንድ ጧት ሳትቆም አንድ ሙሉ እጅጌ ሰፋች፤ ደወሏ መጋረጃው ጀርባ ቆማ አዳመጠች።

የአልትራሳውንዱ ክፍል ጨለማ ነው፤ መብራቱ የማሳያው ብቻ። መምህሩ መሣሪያውን ደረቷ ላይ እያንሸራተተ ማሳያውን ተመለከተ። አራቱ ተማሪዎች ግድግዳ ይዘው ቆመዋል። ኑ ቅረቡ አላላቸውም። ረጅሙ ወለሉን ያይ ነበር።

መምህሩ መብራቱን አበራና ጨርቅ ሰጣት፤ ደረቷን እስክትጠርግ ጠበቀ።

«በሩ ይበልጥ ጠቧል» አለ። «ይኼ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ወደ ሳንባሽ የሚሄደው የደም ሥር ግፊቱ በጣም ከፍ ብሏል። የቀኝ ጎን ልብሽ ደክሟል። ያኔ የተጻፈው ትክክል አልነበረም። አሁን ባየው ግን እኔም ያንኑ ነው የምጽፈው።»

«ኪኒኑን ስለተውኩ ነው?»

«ነው ማለት አልችልም። አይደለም ማለትም አልችልም። በሽታው በራሱም እዚህ ሊደርስ ይችል ነበር።»

«ታዲያ ማን ነው ማለት የሚችል?» አለች ደወሏ፤ በዚያ ቀን ብቻ ድምጿ ዝቅ ብሎ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ልብስ ሰፊዋ በየምስማሩ የተንጠለጠሉትን ልብሶች አንድ በአንድ ወደየባለቤታቸው መለሰች። ያለቁም ነበሩ፣ ያላለቁም። አንድ ሰውዬ ኮቱን ያለ እጅጌ ተረከበና፣ «ግድ የለም፣ ሲሻልሽ አመጣዋለሁ» አላት። «ሌላ ሰፊ ፈልግ፣ ወንድሜ» አለችው። መኪናዋ አንሶላ ለበሰች። እሷም ከጀርባዋ ሦስት ትራስ ተደርጎላት አልጋዋ ላይ መዋል ጀመረች፤ ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል።

ተማሪዎቹ ሊመረቁ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ባለመነፅሯ መጣች። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለዚህ ቤት ነው፤ በሽተኛዋ መስማማቷን መፈረም አለባት።

«እውነቱን ጻፍሽው?» አለቻት ልብስ ሰፊዋ።

«አሥራ አራቱንም አርሜያለሁ። ነጥብ ተቀንሶብናል፣ ግን እናልፋለን።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም።»

«ተመስገን።»

ልጅቷ ወረቀቶቹን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «አንድ ያልሞላሁት ቦታ አለ። መድኃኒት ያቋረጠችበት ምክንያት ይላል። ከተሰጡት አንዱ ላይ ነው ምልክት የሚደረገው።»

«አንብቢልኝ።»

«መዘንጋት። የአቅም ማነስ። መድኃኒቱ ስላልተስማማት። የግንዛቤ ማነስ። ሌላ።»

«ሌላ በያ!» አለች ደወሏ ከመጋረጃው ወዲያ። «ምን ያስጨንቅሻል? ሌላ!»

«ሌላ ካልኩ ማብራራት አለብኝ፤ ቦታው ደግሞ አንድ መስመር ናት» አለች ባለመነፅሯ። «ምን ብዬ ልጻፍ? ለእኛ ብላ ልበል? ፈታኞቹ ይኼ ምን ማለት ነው ይሉኛል። ይህ ሁሉ የሆነው ቆማችሁ እያያችሁ ነው ወይ ይሉኛል።» ድምጿ ተሰበረ።

ልብስ ሰፊዋ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት።

«ከነዚያ ውስጥ የማያስጠይቅሽ የትኛው ነው?»

ባለመነፅሯ ጣቷን አራተኛው ላይ አደረገች።

«ምን ነበር እሱ?»

«የግንዛቤ ማነስ።»

«አለማወቅ ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው» አለች ልጅቷ፣ ቀና ሳትል።

ደወሏ መጋረጃውን ገለጠች። «አለማወቅ! ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተማረቻችሁን ሴት?»

«ተይ፣ እህት ዓለም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ልጅቷ ትለፍበት።»

ባለመነፅሯ ምልክቱን አደረገች። ከዚያ ወረቀቱን በደብተሯ ላይ አድርጋ አቀረበችላትና የሚፈረምበትን መስመር አሳየቻት። ልብስ ሰፊዋ ብዕሩን ያዘች፤ ጣቶቿም አብጠው ነበርና እንደ መርፌ አጥብቃ ያዘችው። ስሟን ጻፈች። በስሟና በአባቷ ስም መካከል ትንፋሽ ለመሰብሰብ አንድ ጊዜ አረፈች።